ቆራጧና አሥራ ሁለተኛው ደንብ

«ቆራጧ» የምንላት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በምንሠራበት የደንብ ልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ናት፤ አርባ ድርብ ጨርቅ ደራርባ የነርስ ጋወን ስትቆርጥ እጇ አንድ ክር አይስትም። ሁለተኛ፣ ቅዳሜና እሑድ የመሥሪያ ቤቶችን የእግር ኳስ ውድድር ትዳኛለች። አንዴ ፊሽካዋን ከነፋች፣ እናቷ ከመቃብር ተነስታ ብትለምናትም ውሳኔዋን አትመልስም።

እኔ የካውያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛዋ በአንድ መስኮት ይርቃል፤ ምሳችንንም አብረን ነው የምንበላው። ስለ ኳስ የማውቀው ክብ መሆኗን ብቻ ነበር። ሜዳ የምሄደውም እሷ አጫውታ ስትወጣ ቦርሳዋን የሚይዝላት ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። እንግዲህ የምነግራችሁን ሁሉ ወይ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ወይ ከአፏ የሰማሁት።

አባቷ የጽሕፈት ማሽን ሠራተኛ ነበሩ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ዳኛ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። «ወንድም ቢኖረኝ እንኳ አባቴ ደንቡን የሚያስተምረው እኔን ነበር፤ እሱ በረኛ ነው የሚሆነው» ትላለች ቆራጧ። በአሥራ አንድ ዓመቷ አባቷ ራሳቸው የተየቡትን የጨዋታ ደንብ መጽሐፍ ሰጧት፤ አሥራ ሰባቱንም ደንብ እንደ ውኃ ጠጣችው። ከእንቅልፏ ቀስቅሳችሁ «ደንብ ስምንት» ብትሏት ዓይኗን ሳትገልጥ ታነበንብላችኋለች። በየዓመቱ የሚወጣውን ማሻሻያ እየተከታተለች ከመጽሐፉ ጀርባ ትለጥፋለች። መሠረቱን ግን አንዴ ይዛዋለች፤ ማን የሚያውቀውን ነገር ደግሞ ያነብባል?

ነገሩ የተከሰተው በዋንጫው ጨዋታ ዕለት ነው። የሆስፒታሉ ቡድን ከብረታ ብረት ወርክሾፑ ጋር ገጥሟል። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተጠቅጥቋል። ከሆስፒታሉ ቡድን አንድ ቀጭን ልጅ አለ፤ ሥራው በሽተኛ የተኛበትን አልጋ ከክፍል ክፍል መግፋት ነው። ጓደኞቹ «ትሪ» ይሉታል። ለምን እንደሆነ እስከ ሰማንያኛው ደቂቃ ድረስ አልገባኝም።

እስከዚያ ድረስ ጎል አልነበረም። ትሪ ቀደም ሲል ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ኳስ ለግቶ ቢጫ ካርድ አይቷል። በሰማንያኛው ደቂቃ ከሜዳው መካከል ኳስ መጣችለት። በእግሩ ጫፍ አነሳት፤ በጉልበቱ ነካት፤ ከዚያ እንደ ትሪ በተዘረጋው ግንባሩ ላይ አስቀመጣትና ሮጠ። አዎ፣ ሮጠ። ኳሷ ግንባሩ ላይ ትንሽ ትንሽ ትነጥራለች፣ እሱ አንገቱን ወደ ኋላ ሰበር አድርጎ ሰማይ ሰማይ እያየ ይሮጣል። መጀመሪያ የደረሰበት ተከላካይ እግሩን ሊያነሳ ብሎ ተወው። ሁለተኛው የኋሊት እየሮጠ መንገድ ለቀቀለት። ሦስተኛው ቆሞ እጆቹን ዘረጋ፤ «ይሄን ደግሞ ምን ላድርገው?» የሚል ይመስላል። ሕዝቡ መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ዝንብ ቢበር ይሰማ ነበር። እኔ ስለ ኳስ የማላውቀው ሴትዮ፣ ቦርሳዋን ደረቴ ላይ እንደታቀፍኩ አፌ ተከፍቶ ቀረ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ከዚያ ፊሽካው ተነፋ።

ትሪ ኳሷን በእጁ ያዛትና ዞር አለ። ማንም ሳይነካው፣ ማንንም ሳይነካ ነበር የሚሮጠው። ቆራጧ እየሮጠች ደረሰችበት።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ ዳኛ?» አላት በትህትና።

«ኳስ በራስ ተሸክሞ መሮጥ ክልክል ነው።»

«በየትኛው ደንብ?»

«በአሥራ ሁለተኛው» አለችና ቢጫ ካርዷን አወጣች። ሁለተኛው ስለሆነ ቀጥላ ቀዩን አሳየችው።

ልጁ አልተከራከረም። ኳሷን መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ወጣ። ሆስፒታሎቹ በአሥር ሰው ቀርተው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ጎል ገባባቸው፤ ዋንጫው ለወርክሾፑ ሆነ። የሚገርመው ያሸነፉትም አልጨፈሩም። ሰው ሁሉ ከቀብር እንደሚመለስ አንገቱን ደፍቶ ነው የተበተነው።

ወደ ቤት ስንሄድ «እኔ የቆንጆ ጨርቅ መሐል ላይ መቀስ ሲገባ ያየሁ ነው የመሰለኝ» አልኳት።

«ቆንጆ ስለሆነ ይለፍ ካልኩ፣ አስቀያሚውን በምን አፌ ልከልክል ነው?» አለችኝ። «ደንብ ደንብ ነው።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት የበሩ ጥበቃ መጥቶ «ቆራጧን የሚፈልግ ከሆስፒታል የመጣ ልጅ አለ» አለ። ትሪ ነበር፤ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ቀጭን መጽሐፍ ብብቱ ሥር ሸጉጧል። ሊጣላ መጣ ብዬ ካውያዬን ይዤ ተጠጋሁ። እሱ ግን እጅ ነሳና ቆመ።

«ላስቸግርዎት ነው» አላት። «ደንብ አሥራ ሁለትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ያሉኝን ነገር አጣሁት። ምናልባት የእኔ መጽሐፍ ገጽ ጎድሎት ይሆናል። የእርስዎን ላየው እችላለሁ?»

ቆራጧ ፈገግ አለች። ከመሳቢያዋ ያን አባቷ የተየቡትን፣ በሰማያዊ ጨርቅ የለበደችውን መጽሐፍ አወጣች። «ና፣ መስመር በመስመር እናስተያየው» አለችው። የእሷን እኔ እንዳነብ ሰጠችኝ፣ የራሱን እሱ ያዘ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። እኔ አንድ መስመር ሳነብ እሱም ያንኑ ያነባል። አንዳንዱ ቃል ይለያያል፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። መግፋት፣ መጥለፍ፣ ማልያ መጎተት፣ ኳስ በእጅ መንካት። እንዲህ እንዲህ እያልን ወደ መጨረሻው ደረስን።

«ኳስን በራሱ ላይ ተሸክሞ ወይም በግንባሩ እያነጠረ የሚሮጥ ተጫዋች በቢጫ ካርድ ይገሠጻል» ብዬ አነበብኩ።

ልጁ ጣቱን በገጹ ላይ ወደ ታች አንሸራተተ።

«ቀጥል እንጂ» አልኩት።

«የለም» አለ። «እዚህ ላይ ነው የሌለው።»

ቆራጧ መጽሐፉን ከእጄ ነጠቀችኝ። የእሱን ገለበጠች፣ የእሷን ገለበጠች፣ ገጽ ቆጠረች። «ድሮ ነበረ ይሆናል፤ አውጥተውት ይሆናል» አለች፤ ድምጿ ግን የራሷ አልነበረም። እሱ ከመጽሐፉ መጨረሻ የድሮውና የአዲሱ ልዩነት የተዘረዘረበትን ገጽ አሳያት። የተጨመረው አለ፣ የተቀነሰው አለ፤ ያ መስመር ከሁለቱም የለም። ኖሮም አያውቅም።

የጨርቅ ጥቅል ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ፊቷ ከቆረጠችው ጋወን ይበልጥ ነጣ። አብረን በሠራንባቸው አሥራ አራት ዓመታት እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። በዚያው መስመር ከዚህ በፊት የቀጣችው ሰው ይኖር እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች።

«ላሳፍርዎት አልመጣሁም» አላት ትሪ። «እንደገና ልጫወተው ስለምፈልግ ነው። ካልተከለከለ ልወቅ ብዬ ነው።»

ለአለቃችን አሞኛል አለችና ወጣች። እኔንም «አብረሽኝ ነይ፤ ብቻዬን ከሄድኩ እጮህባቸዋለሁ» አለችኝ። አባቷ ጋ ነበር የሄድነው።

አባቷ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። የጽሕፈት ማሽኑ አሁንም መስኮቱ ሥር በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። እንድንቀመጥ ወንበር ሊስቡልን ሲነሱ እሷ ቆማ መጽሐፉን ፊታቸው ዘረጋችው።

«አባዬ፣ ይሄን መስመር ከየት ነው ያመጣኸው?»

መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው አጠፉት።

«ከራሴ» አሉ።

እኔ ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ፤ መስማት የማይገባኝን ነገር ልሰማ መሆኑ ታውቆኛል።

«ለሌሎቹ ዳኞች በተየብኩት ላይ የለም» አሉ። «ለራሴ በያዝኩት ላይ ብቻ ነው። ለሰው መስጠቱን አፈርኩ። አርባ ሦስት ዓመት ሆነው። ዳኛ በሆንኩ በሁለተኛ ዓመቴ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ኳስ ግንባሩ ላይ አድርጎ መሮጥ ጀመረ። እኔም እንደ ሰው ቆሜ አየሁ፤ ፊሽካው ጥርሴ መሐል እያለ። ተከላካዩ ከጎን መጣ፤ እግሩን ሲያነሳ አይቻለሁ፣ አደገኛ ነው ብዬ ልነፋ እችል ነበር። አልነፋሁም። የሚሆነውን ለማየት ጓጓሁ። ታኬታው ዓይኑ ላይ አረፈ።»

የታጠፈውን መነጽር ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ጥፋቱ የረገጠው ነው እንጂ የሮጠው አይደለም» አለች ቆራጧ። «መከልከል የነበረብህ እግር ማንሳቱን ነው።»

«እሱማ ተከልክሏል፤ ከጥንትም ተከልክሏል። መከልከሉ ዓይኑን አላዳነውም። እኔ ሥሩን ልንቀል ብዬ ነው። ማንም እንደዚያ ካልሮጠ፣ ማንም እንደዚያ አይመታም።» መጽሐፉን እያዩ ጨመሩ፦ «አንቺ መጽሐፉን ስትጠይቂኝ ላወጣው አስቤ ነበር። ከዚያ አንድ መስመር ቢጨመርበት ማንን ይጎዳል አልኩ።»

«ልጁስ? ያ ዓይኑ የጠፋው?»

አባቷ መጽሐፉን ከደኑት። ከዚያ «አጎትሽ ነው» አሉ።

እኔ ክው አልኩ። አጎቷን አውቃቸዋለሁ፤ የእናቷ ወንድም ናቸው፤ በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ቁልፍ ይቀርጻሉ። ግራ ዓይናቸው የለም። በሥራ ላይ የብረት ብናኝ ገብቶባቸው ነው ሲባል ነው የሰማነው። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ያወቀችው ይህንኑ ነበር።

«በሆስፒታል ልጠይቀው እየተመላለስኩ ነው እናትሽን ያወቅኋት» አሉ ሽማግሌው። «አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ትጠብቀው ነበር። መጀመሪያ ልታየኝ አትፈልግም ነበር። ከዚያ እንግዲህ ተላመድን። የብረት ብናኝ ያለችው እናትሽ ናት፤ ልጄ አባቷን በዚህ አትወቀው ብላ። ያን ቀን ፊሽካ ነፍቼ ቢሆን ኖሮ አንቺም የለሽ።»

ቆራጧ መጽሐፉን አንስታ ወጣች። እኔ ስለ ሁለታችን ደህና ዋሉ ብዬ ተከተልኳት። እስከ መንገዱ ማዶ ሄድን። ከዚያ ቆመችና «የተወለድኩት እኮ ከዳኛ ስህተት ነው» አለችኝ።

«ከትክክል የተወለደ ማን አለ ብለሽ ነው?» አልኳት። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ የግንብ አጥር ተደግፋ አለቀሰች።

በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ አጎቷ ጋ ሄድን። ሱቃቸው አንድ ሰው ብቻ የምታስቆም የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ግድግዳው በሙሉ ያልተቀረጸ ቁልፍ ተሰቅሎበታል። አንድ ደንበኛ ሸኝተው ሲያበቁ ነገረቻቸው። ስለ ዓይናቸው እንዳወቀች ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልገረማቸውም። ስለ መስመሩ ስትነግራቸው ግን ሞረዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን ብሎ ነው የጻፈው?» አሉ።

ደገመችላቸው።

«በእኔ ዓይን ስም?»

«ጋሼ፣ አያውቁም ነበር?»

«ከየት አውቃለሁ? እኔ ከዚያ ወዲህ ሜዳ ሄጄ አላውቅም።» ትንሿ መቀመጫቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ዓይኔን በዚያው ሳምንት ነው ይቅር ያልኩት። የመታኝ እሱ አይደለም። የመታኝም ሆን ብሎ አይደለም፤ ኳስ የለመደው በእግሩ ነው፣ በእግሩ መጣ። እኔ አባትሽን በልቤ የያዝኩበት ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ኳሷ ገብታ ነበር። ስወድቅ በግንባሬ ገፋኋት። መሬት ላይ ሆኜ በደህናው ዓይኔ መስመሩን ስታልፍ አየኋት። አባትሽ ጨዋታውን አቁሞ ወደ እኔ ሮጠ፤ ጎሉ ሳይመዘገብ ቀረ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። እህቴን ሰጥቼው፣ ማዕዱን ቀርቤ፣ አንቺን አዝዬ፣ ስለዚያች ኳስ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።» ከዚያ በአንድ ዓይናቸው ትክ ብለው አዩዋት። «አሁን ይሄን ልጅ በቀይ አስወጣሽው?»

«አስወጣሁት።»

«እንዲህ የሚሮጥ ሌላ ሰው መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር» አሉና ሞረዳቸውን ከመሬት አነሱ። «ሂጂና መልሺው።»

ሐሙስ የውድድር ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዋንጫዎች የተደረደሩበት ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ያለበት ክፍል ነው፤ ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ቆራጧ በራሷ ላይ የጻፈችውን ሪፖርት አነበበች። ስታበቃ ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ዳኛ ሲከሰስ አይቻለሁ» አሉ። «ዳኛ ራሷን ስትከስ ግን ገና ዛሬ አየሁ። ልጄ፣ እንዲህ አይሆንም። መውጫ አለሽ እኮ። ደንቡ አደገኛ ጨዋታ ይከለክላል፤ ለራሱ ለተጫዋቹም ቢሆን አደገኛ ከሆነ ይከለክላል። በዚያ ነው የነፋሁት በይ።»

«በዚያ አልነፋሁም» አለች። «እኔ ስነፋ የቅርቡ ተከላካይ አሥር እርምጃ ይርቀው ነበር። ደግሞ በዚያ ብነፋ እንኳ ካርድ የለውም፤ ቅጣት ምት ብቻ ነው።»

ከኮሚቴው አንዱ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሰውዬ፣ «ማላገጥ ነው እንጂ ጨዋታ ነው እሱ?» አሉ። «ሰርከስ ነው። ተቃራኒውን መናቅ በካርድ ያስቀጣል። ኳስ በእግር ነው፤ ስሙም እግር ኳስ ነው።»

«በግንባር ጎል ሲገባ ታጸድቁ የለም?» አለቻቸው። «ግንባር አንዴ ቢነካት ጨዋታ፣ አሥር ጊዜ ቢነካት ንቀት የሚሆነው በስንተኛው ላይ ነው? ቁጥሩን ንገሩኝና ልያዘው።»

ሰውዬው ወደ ሒሳብ መምህሩ ዞሩ። መምህሩ ትንሽ አሰቡና «ቁጥር የለውም» አሉ።

ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ተከላካዩ በእግሩ እንዳይመታው ደንቡ ይከለክለዋል፣ በእጁም አይችልም፤ ታዲያ አጥቂው ብቻ የሚችለው፣ ሌላው የማይመልሰው ነገር ፍትሐዊ ነው ወይ ተባለ። እሷም ለዚህ «አላውቅም» ነው ያለችው። በመጨረሻ ወሰኑ። ጨዋታው ይደገማል፤ ቀይ ካርዱ ይሰረዛል፤ ዳኛዋ ደንብ ባለማወቋ ለግማሽ የውድድር ዘመን ታግዳለች።

እኔ ከተከፈተው በር ውጭ ሆኜ ስሰማ ደሜ ፈላ። ዋሽታ ብትወጣ ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር፤ እውነቱን ስለተናገረች ታገደች። እሷ ግን ፈርማ ወጣች። «ትክክል ናቸው» አለችኝ። «እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምወስነው።»

ድጋሚው ጨዋታ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ከሰዓት ሆነ። የሆስፒታሉን ልጅ ሊያይ ከመጀመሪያው እጥፍ ሰው መጣ። አጎቷ የአባቷን ክንድ ይዘው ሲገቡ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ አንዱ አርባ ሦስት ዓመት፣ ሌላው ሃያ ዓመት ሜዳ ረግጠው አያውቁም። ስለ ነገሩ አንዳቸውም ለሌላው ትንፍሽ አላሉም። መሐላቸው እኔ ተቀመጥኩ፤ ቆራጧ ከኋላችን ቆመች፤ ጣቶቿ ትከሻዬን ይዘዋል።

ከዕረፍት በኋላ፣ አንድ ለአንድ ሆነው ሳለ፣ ትሪ ኳሷን አነሳት። ግንባሩ ላይ አደረጋት፤ ሮጠ። የመጀመሪያው ተከላካይ ቀረበትና ቆመ። ከዚያ ከጎን በኩል «ብየዳ» የሚሉት የወርክሾፑ ተከላካይ መጣ፤ ትልቅ ሰውዬ፣ ደረቱ በር የሚያክል። በሙሉ ኃይሉ ነበር የሚሮጠው።

የአባቷ እጅ ጉልበቴን ጨመደደው። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ነው፤ «ንፋ፣ ንፋ» ይላሉ ለማንም በማይሰማ ድምፅ። አጎቷ ደህናውን ዓይናቸውን ጨፈኑ። የቆራጧ ጥፍሮች ትከሻዬ ላይ ገቡ።

ብየዳ እግሩን አላነሳም። ከልጁ ጎን ደርሶ ትከሻ ለትከሻ አብሮት መሮጥ ጀመረ። አንገቱን እንደሱ ወደ ኋላ ሰበር አደረገ። ኳሷ አንዴ ነጠረች፣ ሁለቴ ነጠረች። በሦስተኛው፣ አየር ላይ ሳለች፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ በግንባሩ ቀስ ብሎ፣ ከሕፃን ላይ ብርድ ልብስ እንደሚያነሳ ሰው፣ ወሰዳት። ከዚያ ዞሮ በራሱ ግንባር ላይ እያነጠረ በተቃራኒው አቅጣጫ አምስት እርምጃ ሮጠ፤ ወደቀችበት፣ ለጋት።

ሦስት ሺህ ሰው ደርቆ ቀረ። ትሪ ራሱ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ሰውዬውን ያያል። ከዚያ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ ሜዳው ተናወጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብየዳ ከሥራ በኋላ ወርክሾፑ ጓሮ ይህን ብቻ ሲለማመድ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው።

አጎቷ በጩኸቱ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ሆነ?» አሉኝ።

«በግንባሩ ወሰደበት» አልኳቸው።

«በግንባሩ?»

«አዎ፣ ሳይነካው።»

«መልስ ነበረው ማለት ነው» አሉ። «እኔ እግር ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ወርክሾፑ ሁለት ለአንድ አሸንፎ ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። የሆስፒታሉን ጎል ያገባው ትሪ ነው፤ እሱም በጉልበቱ፣ ተደናቅፎ፣ እንደ ነገሩ። ሰው ሲወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች አልተነሱም። አባቷ ወደ ሜዳው እያዩ «ያን ቀን» አሉ፣ «ኳሷ ገብታ ነበር ይላሉ አንዳንድ ሰዎች።»

«ገብታ ነበር» አሉ አጎቷ።

«አላየሁም።»

«አውቃለሁ።»

«አንተን ነበር የማየው።»

አጎቷ ክንዳቸውን ዘረጉላቸውና ተያይዘው ተነሱ። ቆራጧ ልትከተላቸው ስትል ያዝኳት፤ ብቻቸውን ይሂዱ ብዬ።

እገዳዋ ሲያበቃ ወደ ሜዳ ተመለሰች። በእነዚያ ወራት ደንቡን አዲስ እንደ ተማሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠናችው፤ ምሳ ላይ እኔን ታስጠይቃለች፤ ዛሬ ኦፍሳይድ ማለት ምን እንደሆነ ከባለቤቴ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ኮሚቴው ስለ ግንባር ሩጫ አንድ መተዳደሪያ እንጨምር ብሎ ሐሳቧን ጠይቋት ነበር። «ብየዳ ያልጠየቀውን ከለላ እኛ አንስጠው» ብላ መለሰች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

በመጀመሪያዋ ጨዋታ የደረሳት የሆስፒታሉ ቡድን ነበር። ትሪ ገና በሃያኛው ደቂቃ ኳሷን አነሳት። ከዳር ሆኜ እሷን ነበር የማየው፤ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ፊሽካ የያዘው እጇ እስከ አገጯ ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። ከዚያ አጠገቡ መሮጥ ጀመረች፤ የተከላካዮቹን እግር እግር እያየች። ልጁ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደ፣ ኳሷ ከግንባሩ ተንሸራትታ በመስመሩ ወጣች። የእጅ ውርወራ ሰጠች።

ቦርሳዋን ስሰጣት «ምን ተሰማሽ?» አልኳት።

«ደነገጥኩ» አለችኝ፣ ፊቷን በፎጣ እየጠረገች። «ከዚያ ቅርበት ትንፋሹ ይሰማል። ሲሮጥ እርምጃውን እየቆጠረ ነው የሚሮጠው፤ አታውቂም አይደል? ከአንድ እስከ አራት፣ ከአንድ እስከ አራት።»